የግቢው መዝገብ ቤት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ የደብረ ዘይትን መንገድ ይዞ ወደ ጎተራ ለሚወርድ ሰው ላንቻ ሩቅ አይደለም። የሠፈሩ ስም ከጣሊያኑ የላንቻ ተሽከርካሪ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም በዚሁ ስም የሚጠራ ፌርማታ አለው። በዋናው መንገድ ዳር የቆሙትን ፎቆች አልፎ ወደ ውስጥ ለዘለቀ ሰው ግን ብዙው ነገር አሁንም የግቢ ኑሮ ነው። ከፊት የባለቤቲቱ ቤት፣ ከኋላ ሦስት ወይም አራት የሰርቪስ ክፍሎች፣ በመካከል አንድ የውሃ ቧንቧና የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ዙሪያውን የቆርቆሮ አጥር። የመብራቱ ቆጣሪ አንድ ነው፤ የውሃውም እንዲሁ። ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ይሁን ወይስ በክፍል፣ የእንጀራ ምጣድ ያለውና የሌለው እኩል ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚለው ክርክር በአዲስ አበባ ተከራይቶ ለኖረ ሁሉ የታወቀ ነው።

በእንዲህ ያለው ግቢ ውስጥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሦስተኛ የጋራ ነገር ገብቷል። ባለቤቲቱ በስማቸው ተዋውለው ኢንተርኔት ያስገባሉ፤ ተከራዮቹም በየወሩ ያዋጣሉ። ይህንኑ ለሁሉም የምታከፋፍለው ከቴሌቪዥኑ ጎን የምትቀመጥ፣ አንቴናዎቿን የቀሰረች ትንሽ ሣጥን ናት። ስሟ ራውተር ነው፤ መንገድ ከሚለው የባዕድ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ሠፈሩ ግን «ዋይፋይ» ብሎ ከመጥራት አላለፈም። በዚህ ንግግር ሊገለጽ የታሰበው ጉዳይም ከዚህች ሣጥን አይርቅም። ሣጥኗን የሠሯት ባለሙያዎች በሐሳባቸው የያዙት አንድ ቤተሰብ ነበር፤ በላንቻ ግን አራትና አምስት ቤተሰብ ታስተዳድራለች። ስለሆነም በውስጧ የሚደረገው እያንዳንዱ ማስተካከያ፣ ባለሙያው ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ በጎረቤታሞች መካከል የሚጻፍ ውል ነው።

ለነገሩ ብዙ ሰው በአንድ መሥመር መጠቀሙ ለዚህ የከተማ ክፍል እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ገና ኢንተርኔት ሳይኖራት፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም.፣ ከካዛንቺስ ግርጌ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ ይባል የነበረው የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በተባለው ዘዴ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። ደብዳቤው ይጠራቀማል፤ ኮምፒዩተሩ በተራ የስልክ መሥመር ወደ ውጭ አገር ሲደውል የተጠራቀመው ባንድነት ይሄዳል፣ የመጣውም ይገባል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢንተርኔትን ለሕዝብ የከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ መጋራቱ በወረፋ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጋራ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ሣጥኗ አንድ ትምሰል እንጂ በውስጧ አራት ሠራተኞች አሉ። አንደኛው ከውጭ የመጣውን መሥመር ቋንቋ የሚያውቀው ሞደም ነው። መሥመሩ የድሮው የመዳብ የስልክ ሽቦ ከሆነ የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ይሄዳል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ከ25 ኪሎ ኸርዝ ግድም ጀምሮ ከዚያ በላይ ባለው ስፋት ይጓዛል። ስልኩ ሲነሣ የሚንጫጫው በሁለቱ መካከል የምትገባው ትንሽ ማጣሪያ ስትዘነጋ ነው። ፋይበር ከሆነ መልእክቱ በብርሃን ይመጣል። ጂፖን በተባለው ሥርዓት አንዱ የመስታወት ክር በሴኮንድ 2.5 ጊጋ ቢት ግድም እያወረደ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል፤ እንግዲህ መጋራቱ ከግቢው በር ሳይደርስ ጀምሯል ማለት ነው። ሁለተኛው ሠራተኛ በሽቦ የሚገናኙትን ዕቃዎች የሚያቀባብል ሲሆን፣ ሦስተኛው ሬዲዮው ነው። ራውተር የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ለአራተኛው ብቻ ነው።

የዚህን የአራተኛውን ሥራ ለመረዳት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከፖስታ ሣጥን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በዚህ አገር ደብዳቤ በየቤቱ አይታደልም፤ ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይላካል። ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት የሣጥን ቁጥሩ አንድ ነው። ተላላኪው ደብዳቤውን ያመጣል፤ መዝገብ ቤቱ በገቢ መዝገብ ይመዘግበዋል፤ የወጪውን ቁጥር አይቶ ለማን እንደሆነ ይለይና ለባለጉዳዩ ያደርሰዋል። ራውተር የግቢው መዝገብ ቤት ናት። ለግቢው ከውጭ የተሰጠው አድራሻ አንድ ነው። በውስጥ ግን ለእያንዳንዱ ስልክና ቴሌቪዥን 192.168.1.2፣ 192.168.1.3 እያለች የራሷን ቁጥር ታድላለች። እነዚህን ቁጥሮች የዓለም ግቢ ሁሉ እንዳሻው ይጠቀምባቸዋል፤ ከግቢ ሲወጡ ግን ዋጋ የላቸውም። «ከኋላ ሦስተኛዋ ክፍል» የሚለው አድራሻ ለተከራዮቹ በቂ ሆኖ ለፖስታ ቤት ግን ምንም እንደማይነግረው ማለት ነው።

ቁጥሩም ቢሆን የሚሰጠው በኪራይ ነው፤ የሙያው ቃል ራሱ ኪራይ ይለዋል። ስልኩ ወደ ግቢው ሲገባ ቁጥር ይጠይቃል፤ ራውተሯም ለተወሰነ ሰዓት ታከራየዋለች፤ ጊዜው ከማለቁ በፊት ካላደሰ ቁጥሩ ለሌላ ይተላለፋል። ከተከራዮቹ አንዷ ሩቅ አገር ላለው መዝገብ ጥያቄ ስትልክ ራውተሯ የላኪውን የውስጥ አድራሻ ትፍቅና የግቢውን አድራሻ ትጽፍበታለች፤ ከጎኑም አንድ የበር ቁጥር አኑራ በመዝገቧ ትይዛለች። መልሱ በዚያ ቁጥር ሲመለስ መዝገቧን አይታ ወደ ትክክለኛው ስልክ ትመራዋለች። ማንም ሳይጠይቅ የመጣ መልእክት በመዝገቡ ስለማይገኝ ይጣላል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው መዝገብ ቤቱን እንደ ዘበኛ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ጥበቃው የምዝገባው ትርፍ ነው እንጂ ሥራው አይደለም፤ በውስጥ ያለ ሰው ራሱ የጠራውን ሌባ መዝገብ ቤት አይመልስም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ ቢባል ምክንያቱ የአድራሻ እጥረት ነው። የቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ 32 የዜሮና የአንድ ምልክት ያለው በመሆኑ ጠቅላላ ብዛቱ 4,294,967,296 ነው፤ ከዛሬው የዓለም ሕዝብ ቁጥር ግማሽ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። የዓለሙ ማዕከላዊ ክምችት በጥር 2003 ዓ.ም. አልቋል። መዝገብ ቤቱ በ1986 ዓ.ም. ሲታሰብ ሰፊው አድራሻ እስኪመጣ ድረስ ለጊዜው የሚያገለግል ነው ተብሎ ነበር፤ ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነገር ስንት ዘመን እንደሚኖር ደግሞ የሰርቪስ ቤት ተከራይ ያውቀዋል።

ከዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከሽቦ ወጥቶ ወደ ሰው የሚገባው። ከውጭ የሚታየው አድራሻ አንድ ነው ተብሏል፤ የተመዘገበውም በባለቤቲቱ ስም ነው። ከኋላ ክፍል የሚኖር ወይም ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳ በዚያ መሥመር ጥፋት ቢፈጽም የሚመራው ፈለግ ወደ ባለቤቲቱ ደጃፍ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀልን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የመልእክት ልውውጥ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ራውተሯ ግን በመዝገቧ የያዘችውን ቁጥር ግንኙነቱ በተቋረጠ በደቂቃዎች ውስጥ ትሰርዘዋለች፤ መብራት ከጠፋማ ሁሉም ይጠፋል። ከሦስት ወር በኋላ «ያን ዕለት ማታ የተጠቀመው የትኛው ክፍል ነው?» ተብላ ብትጠየቅ መልስ የላትም። የወጪ መዝገቡን በየምሽቱ የሚያቃጥል መዝገብ ቤት ይታሰብ። ባለቤቲቱ ግን ስለዚህ ነገር የነገራቸው ሰው የለም፤ ውሉን ሲፈርሙ ያሰቡት ወርኃዊውን ክፍያ ነው።

አንዳንዴ መዝገብ ቤቱ ሁለት ጊዜ ይሆናል። አገልግሎት ሰጪው አድራሻ ሲያጥረው ብዙ ቤቶችን ከራሱ ትልቅ መዝገብ ቤት ኋላ ያስቀምጣቸዋል። ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፤ በራውተሯ ገጽ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ግቢው በእርግጥ ከሁለተኛ መዝገብ ቤት ኋላ ነው። እንዲህ ሲሆን በመንገዱ ዳር ያለች ሱቁን በካሜራ ከሩቅ ለማየት ብሎ የበር ቁጥር በራውተሯ ላይ የሚከፍት ባለሱቅ ያለ ፍሬ ይደክማል። የውስጡን በር ከፍቷል፤ የውጭው ግን በእጁ አይደለም።

በግቢ ውስጥ ጠብ የሚያስነሣው ግን አድራሻ ሳይሆን ወረፋ ነው። «እትዬ፣ ኔትወርኩ ዛሬም የለም እኮ» የሚል ድምፅ ከኋላ ሲመጣ፣ እትዬ ደግሞ ገንዘቡን በጊዜው እንደ ከፈሉ ሲምሉ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። መሥመሩ አለ፤ የተዘጋው በወረፋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት ኢንተርኔት፣ በተለይ የመዳቡ፣ ሲያወርድ ሰፊ ሲልክ ጠባብ ነው። ለምሳሌ የመላኪያው ፍጥነት በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት ነው እንበል። ከተከራዮቹ አንዱ ወጣት የሠርግ ቪዲዮ መጫን ይጀምራል። ስልኩ መሥመሩ ሊሸከም ከሚችለው በላይ ይልካል፤ ትርፉ በራውተሯ ማቆያ ይከማቻል። ማቆያው 256 ኪሎ ባይት የሚይዝ ከሆነ የተከማቸው ተልኮ እስኪያልቅ ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል። በዚያው ሰዓት ከጎኑ ባለችው ክፍል አንዲት እናት ቤይሩት ካለች ልጇ ጋር ትነጋገራለች። የእናቲቱ ድምፅ እጅግ ጥቂት ቦታ ብቻ የሚፈልግ ነው፤ ነገር ግን ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፎ ሁለት ሴኮንድ ይጠብቃል። የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለምቹ ንግግር የሚመክረው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ የማይበልጥ ነው። ሁለት ሴኮንድ ሲሆን ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ዝም ይላሉ፣ «ትሰሚኛለሽ?» ሲባባሉ ጥሪው ያልቃል። ወጣቱ ግን ማንንም ስለ መበደሉ የሚያውቀው ነገር የለም።

በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ስኳር የገዛ ሰው ይህን በደል ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። አንዱ የሃያ ጎረቤት ደብተር ይዞ ከፊት ከቆመ፣ ከኋላው አንድ ሳሙና ብቻ የሚፈልገው ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ይውላል። መፍትሔውም ያው ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ሰልፍ አቁሞ ከየሰልፉ አንድ አንድ እያሉ ማስተናገድ። በአንዳንድ ራውተሮች ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሥርዓት አለ፤ በማስተካከያው ገጽ ላይ የሚገኘው «ኪውኦኤስ» ወይም «ባንድዊድዝ» በሚል ስም ሲሆን፣ ተዘግቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በሚከፈትበት ጊዜ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ የመላኪያው ልክ ከመሥመሩ እውነተኛ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ዘጠና በመቶ ያህል ተደርጎ መሞላት ይገባዋል። ያለዚያ ሰልፉ ከራውተሯ ወጥቶ እሷ ከማታዝበት፣ ከሞደሙ ደጃፍ ይቆማል። ሥርዓቱ የሌላት ሣጥን ከሆነች ለእያንዳንዱ ክፍል የተወሰነ ልክ መስጠት ይቻላል፤ ይህ ግን ጎረቤቱ በተኛበት ሌሊትም የነቃውን ሰው በሩብ ያስቀረዋል። እኩል ማካፈልና በፍትሕ ማካፈል የተለያዩ መሆናቸው ከምጣዱ ክርክር የታወቀ ነው።

ስለ ሬዲዮው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሁለት ማዕበሎች አሉ፤ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ግድግዳን ይደፍራል፣ 5 ጊጋ ኸርዝ ይፈጥናል ግን ቶሎ ይደክማል። ቆርቆሮ ሁለቱንም መልሶ ይወረውራል፤ ከፊት ቤት ተቀምጣ በቆርቆሮ ለተከፈለች የኋላ ክፍል ታዳርሳለች ብሎ ከራውተሯ ተአምር መጠበቅ ትርፉ ብስጭት ነው። በ2.4 ላይ ሳይነካኩ የሚሠሩት መሥመሮች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ሲሆኑ፣ በላንቻ በአንድ ግቢ አየር ላይ ከየጎረቤቱ የሚመጣው አሥርና አሥራ አምስት ሊደርስ ይችላል። ለኋላ ክፍሎች የተሻለው ሽቦ ነው። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ያደርሳል፤ ከልብስ ማስጫው ጋር ካልታሰረ ደግሞ ዕድሜ ይኖረዋል።

በገመዱ ጫፍ ለየክፍሉ ትንሽ ራውተር ቢቀመጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ መዝገብ ቤትና የራሱ የይለፍ ቃል ይኖረዋል። ገንዘቡ ካልፈቀደም ብዙዎቹ ሣጥኖች «የእንግዳ ኔትወርክ» የሚባል አላቸው፤ በዚህ የገባ ሰው ወደ ውጭ ይሄዳል እንጂ የግቢውን ሌሎች ዕቃዎች አያይም። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ለመጣ ሰው የሚከፈት ሳሎን ነው። ለላንቻው ግቢ ግን የባለቤቲቱን ኮምፒዩተር በየስድስት ወሩ ከሚለዋወጡ ተከራዮች የሚለይ ግድግዳ ነው።

የይለፍ ቃሉ ነገር ራሱን የቻለ ነው። የስልክ ቁጥርን የዋይፋይ የይለፍ ቃል ማድረግ የተለመደ ሆኗል፤ ለማስታወስ ቀላል ነው፣ ቢያንስ ስምንት ምልክት ይሁን የሚለውንም ደንብ ያሟላል። ሆኖም በ09 የሚጀምር ቁጥር ያልታወቁት አኃዞች ስምንት ብቻ ስለሆኑ ያለው ዕድል ሁሉ ተደምሮ 100 ሚሊዮን ነው። ስልክ ከራውተር ጋር ሲተዋወቅ የሚለዋወጡትን ሰላምታ ከአየር ላይ የቀዳ ሰው፣ ለኮምፒዩተር ጨዋታ በሚሸጥ አንድ ጥሩ ካርድ በሴኮንድ ብዙ መቶ ሺህ እየሞከረ ቁጥሩን በደቂቃዎች ያገኘዋል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ቢጻፉ ለእትዬ ለማስታወስ አይከብዱም፤ ለዚያ ካርድ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚያገናኘው ደብሊውፒኤስ የተባለው ዘዴም በስምንት አኃዝ የሚሠራ ቁጥር አለው፤ አሠራሩ ግን ስምንቱን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያረጋግጥ 11,000 ሙከራ ብቻ እንደሚበቃው በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ተገልጿል። ስለዚህ መዝጋት ነው።

ከዋይፋዩ ሌላ ወደ ማስተካከያው ገጽ የሚያስገባ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አለ፤ ከፋብሪካ እንደ መጣ ብዙ ጊዜ የሚቀረውም ይኸው ነው። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ስድሳ ያህል የፋብሪካ ስሞችንና የይለፍ ቃላትን ብቻ እየሞከረ በየአገሩ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ሰብስቦ በአሜሪካ የታወቁ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን ለሰዓታት አሽመድምዷል። በሚቀጥለው ወር ዝርያው ራውተር በሩቅ በሚታዘዝበት በር በኩል ሲሞክር 900,000 የሚሆኑ የጀርመን ቤቶችን ከመሥመር አውጥቷል። የእነዚያ ሣጥኖች ባለቤቶች ዘመተ የተባለው ዕቃቸው ከመደርደሪያው እንዳለ ነበር።

የመጨረሻው የመብራት ነገር ነው። የድሮው የስልክ መሥመር ከማዕከሉ 48 ቮልት ይዞ ስለሚመጣ መብራት በጠፋበት ሌሊት እንኳ ስልኩ ይሠራ ነበር። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኃይል አይዞም፤ መብራት ሲሄድ የግቢው መዝገብ ቤት ይዘጋል። አብዛኞቹ ሣጥኖች በ12 ቮልት የሚሠሩና ከ10 ዋት ግድም የማይበልጥ የሚፈልጉ ናቸው። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ አዲስ ከሆነ፣ አምስትና ስድስት ሰዓት ይይዛቸዋል። የፋይበሩ መቀበያ ከራውተሯ የተለየች ሣጥን በሆነችበት ቤት እሷም ከዚያው ባትሪ መቀጠል አለባት፤ ራውተሯ ብቻዋን ብትበራ የግቢው ስልኮች ሁሉ ዋይፋይ አለ ብለው ያሳያሉ፣ ቤይሩት ግን አይደረስም።